ኤሌክትሪክ ጊታር «እምም» ሲል፦ ጫጫታውን ከሶኬት እስከ ክር ፈልጎ ማጥፋት

ትዝታ፣ ባቲ ወይም አምባሰል በኤሌክትሪክ ጊታር የሞከረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ጣት ክሩን ለቆ ድምጹ ቀስ እያለ ሲሞት፣ በዚያች ክፍተት ከአምፑ (ከድምጽ ማጉያው) «እምምም» የሚል ነገር ይወጣል። ፈጣን ዘፈን ላይ ድራሙና ቤዙ ይሸፍኑታል። የወሎ ዜማ ግን ክፍተት ይወዳል፤ ጫጫታውም እዚያ ክፍተት ውስጥ ፍጥጥ ብሎ ይሰማል።

ከደሴም ከኮምቦልቻም ተጫዋቾች ቶሎ የሚመጣው ጥያቄ «ምን ልግዛ?» ነው። ገና ምንም አትግዙ። ጫጫታው ከየት እንደሚመጣ ሳታውቁ የምትገዙት ዕቃ ገንዘብ ይበላል እንጂ ችግሩን አይነካውም። አብዛኛው ችግር ያለ ወጪ ወይም በአንድ ገመድ ዋጋ ይፈታል። ሥራው ማድመጥ፣ አንድ ነገር መንቀል፣ እንደገና ማድመጥ ነው። ሁለት ነገር በአንዴ ከቀየራችሁ የትኛው እንደረዳችሁ አታውቁም።

ሌላ አንድ ደህና የጊታር ገመድ፣ ቴስተር፣ ካቻቪቴ እና አዲስ 9 ቮልት ባትሪ አዘጋጁ። ጊታሩን መክፈት ካስፈለገ ሊድና የሊድ መበየጃም ይጨመራል። አምፑን ግን አትክፈቱ። በተለይ ቫልቭ ያለው አምፕ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) ውስጥ ሰው የሚገድል ኤሌክትሪክ ሊቀር ይችላል። እሱ የባለሙያ ሥራ ነው።

1. ድምጹን ለዩት

ጫጫታ ሁሉ አንድ አይደለም። ወፍራምና የማይቋረጥ «እምምም» ከመብራት መስመር የሚመጣ ነው። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ስለዚህ ጊታራችን ውስጥ የሚገባው 50 ኸርዝ፣ ወይም እጥፉ 100 ኸርዝ ይሆናል።

ይህን በጆሮ መለየት ትችላላችሁ። ወፍራሙን ስድስተኛ ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ይዛችሁ ምቱት። ያ ጂ ነው፤ 98 ኸርዝ። ጫጫታው ከዚያ ድምጽ በጣም በትንሹ ከፍ ያለ ከሆነ 100 ኸርዝ ነው። አንድ ኦክታቭ ወርዶ ከተሰማችሁ 50 ነው። ትንሽ ስፒከር 50ውን በደንብ ስለማያወጣው፣ ከተቻለ በትልቅ ስፒከር ወይም በጥሩ ኢርፎን አድምጡት። 50ው ብዙ ጊዜ ከፒክአፕ (ከክሩ ሥር ያለው፣ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል) ወይም ከኤርዝ (ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ) አያያዝ ይመጣል። ምንም ሳይሰካበት ከአምፑ የሚወጣ 100 ኸርዝ ደግሞ የአምፑ የራሱ ፓወር ሰፕላይ፣ በተለይ ያረጁ ካፓሲተሮች፣ ምልክት ነው።

ሹልና የሚቧጭር «ዝዝዝ» ከሆነ ከቻርጀር፣ ከዲመር፣ ከኤልኢዲ አምፖል ወይም በደንብ ካልተሸፈነ ጊታር ነው። እንደ ዝናብ «ሽሽሽ» የሚለው የመብራት ጉዳይ አይደለም፤ ጌይኑ (ሲግናሉ የሚባዛበት መጠን) በዝቷል ማለት ነው። ስትንቀሳቀሱ «ቋ፣ ቋ» ካለ ገመድ፣ ጃክ ወይም ማዞሪያ ነው። «ድድድ-ድድድ» እያለ መጥቶ የሚሄደው ስልካችሁ ነው። ስልኩን ከአምፑና ከፔዳሉ (በእግር ከሚረገጠው የድምጽ መለወጫ) አርቁት፣ በቃ።

2. አምፑን ብቻውን አስነሱት

ጊታሩን፣ ፔዳሉን፣ ሁሉንም ገመድ ንቀሉ። አምፑን ብቻ ሶኬት ላይ ሰክታችሁ ቮልዩሙን እንደወትሮው አድርጉት። ጸጥ ካለ ወይም ትንሽ «ሽ» ብቻ ካለ አምፑ ደህና ነው፤ ወደሚቀጥለው እለፉ። «እምም» ካለ ወደ ሌላ ክፍል፣ ከተቻለም ወደ ሌላ ቤት ወስዳችሁ ሞክሩት። እዚያም ያው ከሆነ ለጠጋኝ ስጡት። እዚያ ዝም ካለ ችግሩ የቤታችሁ መስመር ነው፤ ቁጥር 6 ላይ እንመጣበታለን።

3. ገመዱን ፈትሹ

ብዙ ሰው የሚንቀው ክፍል ይሄ ነው። የጊታር ገመድ ውስጡ አንድ ሽቦ፣ ዙሪያውን ደግሞ የተጠለፈ የብረት መረብ አለው። ያ መረብ ውጭ ያለው ጫጫታ ወደ ውስጠኛው ሽቦ እንዳይገባ ይከላከላል። የስፒከር ገመድ ግን ሁለት ሽቦ ብቻ ነው፤ መረብ የለውም። ጫፉ ላይ ያለው ጃክ አንድ ዓይነት ስለሆነ ሰው ያሳሳታል። የስፒከር ገመድ በጊታርና በአምፕ መካከል ከገባ እንደ አንቴና ሆኖ የክፍሉን ጫጫታ በሙሉ ይሰበስባል።

ጊታሩን ሰክታችሁ ገመዱን ከጃኩ አጠገብ በቀስታ አጣጥፉት። ቋ ካለ፣ ወይም ጫጫታው ከተቆረጠና ከተመለሰ ውስጡ ተበጥሷል። ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ከጃኩ በ3 እና በ4 ሳንቲሜትር ውስጥ ስለሆነ፣ ቆርጦ እንደገና መበየድ ያድነዋል። ሳያስፈልግ ረጅም ገመድም አትጠቀሙ። ቤት ውስጥ 3 ሜትር በቂ ነው። የተረፈውን ገመድ ከአምፑ ወይም ከቻርጀር ላይ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ልማድ ሆኗል፤ አርቁት።

ደሴ ክረምቱ እርጥብ ነው፤ ጭጋጉም ቤት ድረስ ይገባል። ጃክ ላይ የሚፈጠረው ዝገት መሰል ሽፋን «ቋ» የሚል ድምጽ ያመጣል። ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አልኮል በጨርቅ አርጋችሁ ጃኩን ጥረጉት፣ ሙሉ በሙሉ ደርቆ ይሰካ።

4. ጊታሩን ሳትከፍቱ መርምሩት

ጊታሩን በደህና ገመድ በቀጥታ አምፑ ላይ ስኩት። ፔዳል አይኑር። አሁን አራት ነገር ሞክሩ።

መጀመሪያ የጊታሩን ቮልዩም ዜሮ አድርጉት። ጫጫታው ከጠፋ ምንጩ ፒክአፑና የጊታሩ የውስጥ ሽቦ ነው። ካልጠፋ ጊታሩን ተዉት፤ ገመድ፣ አምፕ ወይም መስመር ነው።

ቮልዩሙን መልሳችሁ ቆማችሁ ቀስ እያላችሁ ዙሩ። አንድ አቅጣጫ ላይ ጫጫታው በጣም ቀንሶ፣ ሌላ አቅጣጫ ላይ ከጨመረ ፒክአፑ የማግኔት መስክ እየያዘ ነው። ምንጩ ትራንስፎርመር ያለው ነገር ነው፦ ስታቢላይዘር፣ የአምፑ የራሱ ትራንስፎርመር፣ የድሮ ቴሌቪዥን። ከስታቢላይዘር ሁለት ሦስት ሜትር መራቅ ብቻ የሚያመጣው ለውጥ ያስገርማል። አምፑ ላይ ተቀምጦ የሚለማመድ ሰውም ተነስቶ ትንሽ ቢርቅ ይሻለዋል።

ከዚያ ክሩን በእጃችሁ ያዙ፣ ልቀቁ። ስትይዙት ጫጫታው ከቀነሰ ጊታሩ ጤነኛ ነው ግን ሽፋኑ ደካማ ነው። ሰውነታችሁ ራሱ ከክፍሉ ጫጫታ ይሰበስባል፤ ክሩን ስትነኩ በኤርዝ በኩል ይወጣል። ክሩን ስትይዙ ምንም ለውጥ ሳይኖር የጃኩን ብረት ስትነኩ ጸጥ ካለ፣ ከብሪጁ (ክሮቹ አካሉ ላይ ካረፉበት ብረት) ወደ ውስጥ የሚሄደው ሽቦ ተበጥሷል። ክሩን ስትነኩ ጫጫታው ከጨመረ ደግሞ ጃኩ ላይ ሁለቱ ሽቦዎች ተለዋውጠዋል።

አራተኛው የቴስተር ፍተሻ ነው። ገመዱን ከአምፑ ነቅላችሁ ጊታሩ ላይ ተዉት። ቴስተሩን ድምጽ የሚሰጠው ቦታ ላይ አድርጉት። አንዱን ጫፍ ክሩ ላይ፣ ሌላውን በነጻው የገመድ ጫፍ ላይ ካለው ረጅሙ የጃክ ብረት ላይ ንኩ። ቢፕ ማለት አለበት። ካላለ ክሮቹ ከኤርዝ ጋር አልተገናኙም፤ ጊታሩ መከፈት አለበት።

5. ጊታሩን መክፈት

ከመንካታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ። ከተቻለ ክሮቹን አላሉ። ስትራት ዓይነት ጊታር (ፒክአፖቹ የፊት ፕላስቲኩ ላይ የተገጠሙበት) ከሆነ የፊት ፕላስቲኩን ብሎኖች ፈትታችሁ በቀስታ ገልብጡት፤ ሽቦዎቹ አጭር ስለሆኑ አትጎትቱ።

ከሁሉ በፊት ጃኩን እዩ። ወደ ውጭ ከሚወጣው ገመድ ጫፍ ጋር የሚገናኘው ምላስ ላይ ሲግናሉ፣ ዙሪያውን ብረት ከሚነካው ጋር ደግሞ ኤርዙ መያያዝ አለበት። ከዚያ ብየዳዎቹን አንድ በአንድ ተመልከቱ። ጥሩ ብየዳ የሚያብረቀርቅ፣ ከብረቱ ጋር የተዋሃደ ነው። የደበዘዘ፣ የተሰነጠቀ ወይም እንደ ጠብታ የተቀመጠ ከሆነ አልያዘም። መበየጃውን ብረቱ ላይ አድርጋችሁ ብረቱ ሲሞቅ ሊዱን ንኩበት። ሊዱን መበየጃው ላይ አቅልጦ ማንጠባጠብ አይይዝም።

የቮልዩም ማዞሪያው ጀርባ ብዙ ሙቀት ይፈልጋል። ኤርዞች ሁሉ የሚሰበሰቡት ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። በደካማ መበየጃ ረጅም ጊዜ ከማቃጠል፣ ቢያንስ 40 ዋት በሆነ መበየጃ ቶሎ ጨርሱ። ቦታውን መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ቧጭሩት።

አሁን ሽፋኑ። የጊታሩ የውስጥ ጉድጓድ በመዳብ ቴፕ ሲሸፈንና ሽፋኑ ከኤርዝ ጋር ሲገናኝ «ዝዝዝ» የሚለው ይቀንሳል። የመዳብ ቴፕ ስልክ ጥገና ቤቶች ጠይቁ። ካልተገኘ የምግብ ፎይል ይሠራል፤ ግን ፎይል ሊድ አይይዝም። ስለዚህ ሽቦውን በብሎን አጥብቃችሁ ያዙት። ቁርጥራጮቹ መነካካታቸውን በቴስተር አረጋግጡ፤ ማጣበቂያው ኤሌክትሪክ ላያስተላልፍ ይችላል። ጉድጓዱ ውስጥ ባሉ ማንኛቸውም ሁለት ነጥቦች መካከል ቢፕ ይበል። የጃኩ ሲግናል ምላስ ግን ሽፋኑን እንዳይነካ እዚያ አካባቢ የኤሌክትሪክ ፕላስተር ለጥፉ። ከነካ ጊታሩ ጨርሶ ድምጽ አይኖረውም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል፤ ቀኑን ሙሉ ሸፍኖ «እምም» የሚለው እዚያው ነውና። ምክንያቱ ቀላል ነው። መዳብና ፎይል የኤሌክትሪክ መስክ ይከለክላሉ፤ የ50 ኸርዝ የማግኔት መስክ ግን ያልፋቸዋል። አንድ ጥቅል ብቻ ያለው ፒክአፕ በሺዎች የሚቆጠር ዙር ቀጭን ሽቦ ስለሆነ ያንን መስክ መያዙ የተፈጥሮው ነው። መፍትሔው የጊብሰኑ መሐንዲስ ሴት ላቨር በ1950ዎቹ አጋማሽ የሠራው ሃምበከር ነው (የፈጠራ መብት የጠየቀው በ1955 ነው፤ ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሁለት ጥቅሎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ አጠማዘዛቸውም ማግኔታቸውም ተቃራኒ ነው። የክሩ ድምጽ ሲደመር፣ ከውጭ የሚመጣው «እምም» እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ሦስት ነጠላ ፒክአፕ ባለው ጊታርም የመካከለኛው በተቃራኒ የተጠመዘዘ ከሆነ፣ የፒክአፕ መምረጫው ቁጥር 2 እና 4 ላይ ጫጫታው ይጠፋል። ፒክአፕ ከመቀየራችሁ በፊት እነዚህን ሁለት ቦታዎች ሞክሩ። ለቀስታ ዜማ ድምጻቸው ለስላሳ ስለሆነ እኔ እዚያው ብትቆዩ ደስ ይለኛል።

6. ሶኬቱና ኤርዙ

የብዙ ቤቶች ዋና ችግር እዚህ ነው። ሶኬቱ ኤርዝ ያለው ይመስላል፤ ከጎን ያሉት የብረት ምላሶች ይታያሉ። ከኋላቸው ግን ሽቦ የለም። ወይም ሶኬቱ ደህና ሆኖ ማከፋፈያው ባለ ሁለት ሽቦ ነው። አምፑ ጫጫታውን የሚያወጣበት መንገድ ስለሌለው በጊታሩ በኩል መልሶ ይሰጣችኋል።

መለካት የሚችል ሰው ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ፣ ከ220 በላይ ባለው ረድፍ አድርጎ ይለካ። በፌዝ (ኤሌክትሪኩን በሚያመጣው ሽቦ) እና በኒውትራል (በሚመልሰው) መካከል 220 ገደማ፣ በፌዝና በኤርዝ መካከልም ተመሳሳይ፣ በኒውትራልና በኤርዝ መካከል ከዜሮ ብዙ ያልራቀ ቁጥር መምጣት አለበት። ፌዝና ኤርዝ መካከል 60 ወይም 90 የመሰለ የሚዋልል ቁጥር ካያችሁ ኤርዙ አልተያያዘም። ሶኬት ለክታችሁ የማታውቁ ከሆነ ኤሌክትሪሻን ጥሩ። እጅ የሚለመድበት ቦታ አይደለም።

ኤሌክትሪሻኑን የምትጠይቁት ትክክለኛ የኤርዝ ዘንግ መሬት ውስጥ እንዲቀብርና ሽቦውን እስከ ሶኬቱ እንዲያደርስ ነው። መሬቱ ድንጋያማ ከሆነ ወይም በበጋ ከደረቀ ኤርዙ ይደክማል፤ እርጥብ አፈር ያለበት ቦታ ይመረጥ፣ ጥልቅ ይሁን። «ከኒውትራሉ ጋር ሶኬቱ ውስጥ አገናኝቼልሃለሁ» የሚል ሠራተኛ ካጋጠማችሁ እንቢ በሉ። ቴስተር ላይ ደህና ይመስላል። ኒውትራሉ አንድ ቀን ከተቆረጠ ግን የአምፑ ብረት፣ በእሱም በኩል የጊታሩ ክር፣ 220 ቮልት ይሆናል።

በተመሳሳይ ምክንያት የአምፑን የኤርዝ ምላስ አትቁረጡ፣ በፕላስተርም አትሸፍኑ። አዎ፣ አንዳንዴ «እምም» ይጠፋል። የሚጠፋው ሕይወታችሁን የሚጠብቀው ሽቦ ስለተቆረጠ ነው።

ኤርዝ እያለ የሚመጣው ሌላው ችግር ዙር ኤርዝ ነው። አምፑ በአንዱ ሶኬት፣ ሚክሰሩ በሌላው ሶኬት ተሰክቶ ሁለቱ በኦዲዮ ገመድም ሲገናኙ ኤርዙ ክብ ይሠራል፤ በዚያ ክብ ውስጥ 50 ኸርዝ ይዞራል። መለያው ቀላል ነው። አምፑ ብቻውን ጸጥ ይላል፤ ሚክሰሩን ስታገናኙ «እምም» ይጀምራል። መጀመሪያ ሁለቱንም ኤርዝ ባለው አንድ ጥሩ ማከፋፈያ ላይ ስኩ። ካልበቃ በመካከል ትራንስፎርመር ያለው ዲአይ ቦክስ (የኦዲዮ ገመድ የሚያልፍበት ማገናኛ ሳጥን) አስገቡና «ግራውንድ ሊፍት» የሚለውን ማብሪያ ንኩ። ይህ የሚቆርጠው የኦዲዮ ገመዱን ኤርዝ ብቻ ነው፤ የሶኬቱ ኤርዝ እንዳለ ይቆያል። ላፕቶፕ ላይ የምትቀዱ ከሆነ ደግሞ ቻርጀሩን ንቀሉና በባትሪ ቅዱ። ብዙ ጊዜ ጉዳዩ እዚያው ያልቃል።

7. ፔዳሎች

ፔዳሎቹን በሙሉ አውጥታችሁ አንድ በአንድ መልሱ። ሦስተኛው ሲገባ ጫጫታው ከመጣ እሱን ፔዳል በባትሪ አስነሱት። በባትሪ ጸጥ ካለ ፔዳሉ ደህና ነው፤ ችግሩ አዳፕተሩ ነው። በተለይ ዲጂታል ዲሌይና ዲስቶርሽን በአንድ አዳፕተር ቅጥልጥል ሽቦ ሲበሉ ቀጭን «ዊዊዊ» ይፈጠራል። መፍትሔው እያንዳንዱ መውጫ ለብቻው የተለየ ፓወር ሰፕላይ ነው፤ ውድ ከሆነባችሁ ዲጂታሉን ብቻ ለራሱ አዳፕተር ስጡት። አብዛኞቹ ፔዳሎች 9 ቮልት ዲሲ፣ መሃሉ ኔጌቲቭ ናቸው። የስልክ ወይም የራውተር አዳፕተር ከመሰካታችሁ በፊት ሥዕሉን አንብቡ፤ የብዙዎቹ መሃል ፖዘቲቭ ስለሆነ ፔዳሉን ሊያቃጥለው ይችላል።

«ሽሽሽ» ለሚለው ደግሞ የጌይን አሰጣጡን አስተካክሉ። ኮምፕረሰር፣ ኦቨርድራይቭ እና የአምፑ ጌይን ሦስቱም ከፍ ካሉ እያንዳንዱ የፊተኛውን ጫጫታ ያባዛል። አንዱን ብቻ ከፍ አድርጉ።

8. ክፍሉ

መብራቶቹን፣ ፍሪጁን፣ ቻርጀሮቹን አንድ በአንድ እያጠፋችሁ አድምጡ። ዲመር ያለው መብራትና ርካሽ ኤልኢዲ ቀዳሚ ተጠርጣሪ ናቸው። ከብየዳ ቤት ወይም ከወፍጮ ቤት ጎን የምትለማመዱ ከሆነ ቀን ላይ «ጠሽ» እያለ ማታ ይጠፋል፤ ልምምዱን ማታ ማድረግ ከማንኛውም ማጣሪያ ይሻላል። መብራት ሲጠፋ በኢንቨርተር የምትጫወቱ ከሆነ፣ ንጹሕ ሳይን ዌቭ ያልሆነው ዓይነት ሹል «ዝዝ» ይሰጣል።

መብራት የጠፋበት ሰዓት ለምርመራ ይጠቅማል። ባትሪ የሚበላ ትንሽ አምፕ ካላችሁ ሰፈሩ በሙሉ ጨለማ ሲሆን ጊታሩን ሰክታችሁ አድምጡ። ዝም ካለ ጫጫታው ከመብራት የሚመጣ ነው፤ ሽፋኑ የደከመ ጊታርም ግን ያን ጊዜ ዝም ስለሚል ጊታሩን ነጻ አያወጣውም።

9. ኖይዝ ጌት በመጨረሻ

ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀረውን ኖይዝ ጌት፣ ድምጹ ከተወሰነ መጠን ሲወርድ የሚዘጋው መሣሪያ፣ ይሸፍነዋል። ከዲስቶርሽኑ በኋላ፣ ከዲሌይና ከሪቨርብ በፊት አስገቡት። ክሮቹን በመዳፋችሁ ሸፍናችሁ ትሬሾልዱን (የሚዘጋበትን መጠን) ጫጫታው እስኪቆረጥ ብቻ ከፍ አድርጉና እዚያው አቁሙ። ከዚያ የአምባሰል አንድ ረጅም ድምጽ መትታችሁ እስኪሞት ጠብቁ። ጭራው ከተቆረጠ ትሬሾልዱን ዝቅ፣ ዲኬዩን (የመዝጊያ ጊዜውን) ረጅም አድርጉ። አሁንም ከተቆረጠ ለዚያ ዘፈን ጌቱን አጥፉት፤ ከተቆራረጠ ትዝታ ትንሽ «ሽ» ይሻላል።

ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ለሠርግ ወይም ለሆቴል ስትሄዱ ይህ ሁሉ ከአዲስ ይጀምራል፤ አዳራሹ የራሱ መስመር አለው። መጀመሪያ የሳውንድ ባለሙያው ሚክሰሩን የሰካበትን ሶኬት ጠይቁና አምፓችሁን ከዚያው መስመር ውሰዱ። የምትዘፍኑ ከሆነ አፋችሁን ማይኩ ላይ ከማድረጋችሁ በፊት የቴስተሩን አንድ ጫፍ ክሩ ላይ፣ ሌላውን ማይኩ ወንፊት ላይ አድርጋችሁ ኤሲ ቮልት ለኩ። ከአንድ ሁለት ቮልት በላይ ካነበበ፣ አሥርና ሃያ ከሆነማ ጭራሽ፣ ኤርዙ እስኪስተካከል አትዝፈኑ።